ፌረስ ሰልፌት፦ የአንድ ርካሽ ጨው ጠባይና ጥቅም

መግቢያ

በካይሮና በጊዛ በምንማር ኢትዮጵያውያን መካከል፣ በተለይም በሴት ተማሪዎች ዘንድ፣ ደረጃ መውጣት ሲከብድ፣ ልብ ያለምክንያት ድው ድው ሲል፣ ራስ ሲያዞርና ጥፍር ሲሰባበር «ሙቀቱ ነው» ወይም «የጥናት ብዛት ነው» እየተባለ ይታለፋል። ከፊሉ በእርግጥ ሙቀትና ድካም ሊሆን ይችላል። ከፊሉ ግን ደም ማነስ ነው። የደም ማነስ መንስኤዎች ብዙ ቢሆኑም በዓለም ላይ ከሁሉ የበዛው የብረት እጥረት ነው። ለዚህ ችግር የሚታዘዘው ዋነኛ መድኃኒት ደግሞ ፌረስ ሰልፌት የሚባል፣ ከአሮጌ ብረትና ከአሲድ ሊሠራ የሚችል፣ ከመድኃኒቶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት የሚቆጠር ጨው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ለመመለስ እንሞክራለን። አንደኛ፣ ይህ ጨው ምንድን ነው? ጠባዩስ ምን ይመስላል? ሁለተኛ፣ በሕክምናም ሆነ ከሕክምና ውጭ ለምን ለምን ይውላል? ሦስተኛና ዋነኛው፣ መድኃኒቱ ይህን ያህል ርካሽና የታወቀ ሆኖ ሳለ በሽታው ለምን አልጠፋም? በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1. ምንነቱና ጠባዩ

በኬሚስትሪ ቋንቋ ጨው ማለት ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ብቻ አይደለም። አሲድ ከብረታ ብረት ወይም ከቤዝ ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ውሕድ ሁሉ ጨው ይባላል። የብረት ቁራጭ በሣሣ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ቢጨመር ሃይድሮጅን እየተንፏፏ ይወጣል፣ ብረቱም ቀስ በቀስ ይሟሟል፣ ውሃው ሲተንና ሲቀዘቅዝ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ክሪስታል ይቀራል። ይህ ፌረስ ሰልፌት ነው። በኢንዱስትሪ ሆን ተብሎ ከመሠራቱም በላይ የብረት ፋብሪካዎች የአረብ ብረትን ዝገት በአሲድ ሲያጥቡ፣ የነጭ ቀለም ፋብሪካዎችም የቲታኒየምን ማዕድን ሲያጣሩ እንደ ተረፈ ምርት በብዛት ይወጣል። ርካሽነቱም ከዚህ የመጣ ነው።

የጥንት አውሮጳውያን አረንጓዴ ቪትሪዮል ይሉት ነበር። ዐረቦች ዛጅ አኽደር ይሉታል፤ ትርጉሙም አረንጓዴ ዛጅ ማለት ነው።

እያንዳንዱ የፌረስ ሰልፌት ክፍል በክሪስታሉ ውስጥ ሰባት የውሃ ሞለኪዩሎችን ይዟል። ክብደቱን ስናሰላ ከ278 ክፍል ውስጥ 56ቱ ብረት፣ 96ቱ ሰልፌት፣ 126ቱ ውሃ ነው። ስለዚህ የክሪስታሉ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው ብረት ማለት ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ስለ መድኃኒቱ መጠን ስንናገር ይመለሳልና።

ጨዉ በውሃ በቀላሉ ይሟሟል። ሙሙቱ ጎምዛዛና አፍ የሚያኮማትር ነው። በደረቅ አየር ውስጥ ቢቀመጥ ውሃውን እያጣ ነጭ ዱቄት ይለብሳል። በእርጥብ አየር ውስጥ ቢቀመጥ ግን ቢጫ፣ ቆይቶም የዝገት መልክ ያለው ቡናማ ይሆናል። ይህ የቀለም ለውጥ ተራ ነገር አይደለም። የዚህ ጨው ጠባይ ዋና ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ብረት በውሕዶቹ ውስጥ በሁለት ዋና ዋና መልኮች ይገኛል። አንደኛው ሁለት ኤሌክትሮን የለቀቀው ፌረስ ነው። ሁለተኛው ሦስት የለቀቀው ፌሪክ ነው። ፌረስ የኦክሲጅን ንክኪ ሲያገኝ ወደ ፌሪክነት ይለወጣል። አሲድ ባለበት ይህ ለውጥ ይዘገያል፤ አሲዱ ሲቀንስ ደግሞ ይፈጥናል። ፌሪክ በበኩሉ አሲድ በሌለበት ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ እንደ ዝገት ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀመጣል። ባጭሩ ለማለት፣ ፌረስ የሚሟሟና የሚንቀሳቀስ ብረት ሲሆን ፌሪክ በአብዛኛው የታሰረ ብረት ነው። ከዚህ በታች የምናወሳው ሁሉ፣ የጸሐፊው ቀለምም ይሁን የገበሬው ማሳ ወይም የሕመምተኛው አንጀት፣ በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው።

2. ከሕክምና ውጭ ያለው ጥቅም

ሀ) ቀለም

የምንኖርባት ካይሮ ከዚህ ጨው ጋር ያላት ዝምድና ከመድኃኒት ቤት ሳይሆን ከጽሕፈት ቤት ይጀምራል። በባሉጥ ዛፍ ላይ ነፍሳት ዕንቁላል ሲጥሉ የሚያብጠው ፍሬ መሰል እባጭ በዐረብኛ ዐፍስ ይባላል፤ ታኒን በሚባል ነገር የተሞላ ነው። ዐፍስ ተወቅጦ በውሃ ከተዘፈዘፈ በኋላ ዛጅና ሙጫ ሲጨመርበት ጥቁር ቀለም ይሆናል። በማምሉኮች ዘመን በካይሮ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ያገለገለውና በ1418 የሞተው አልቀልቀሸንዲ ስለ ጸሐፊዎች ሙያ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ከጥላሸት የሚሠራውን ቀለምና ከዐፍስና ከዛጅ የሚሠራውን ቀለም ለይቶ ይገልጻል። በፉስጣጥ ከሚገኘው የቤን ዕዝራ ምኵራብ ወጥተው በ1897 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በተወሰዱት የብራናና የወረቀት ቁርጥራጮች ላይም ሁለቱም ዓይነት ቀለሞች ይገኛሉ።

አሠራሩ ከላይ ያልነውን ይከተላል። ፌረስ ከታኒን ጋር ሲገናኝ በመጀመሪያ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሰጣል። በወረቀቱ ላይ አየር ሲያገኘው ወደ ፌሪክነት ተለውጦ ከታኒኑ ጋር በጥብቅ ይተሳሰራል፣ ይጠቁራል፣ ውሃም አያጥበውም። ጥንካሬው ግን ጉዳትም አለው። በቀለሙ ውስጥ የሚቀረው አሲድና ብረት ከዘመናት በኋላ ወረቀቱን እየበላ ፊደሉ ባለበት ቦታ ይበሳዋል። የአገራችን የብራና ጸሐፊዎች በአብዛኛው ከጥላሸት የሚሠራ ቀለም በመጠቀማቸው መጽሐፎቻቸው ከዚህ ዓይነቱ ጉዳት ድነዋል።

ለ) እርሻ

ተክልም እንደ ሰው ብረት ሲያጣ ይገረጣል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ይቀራሉ። ኤውዜብ ግሪስ የተባለው ፈረንሳዊ በ1840ዎቹ የብረት ጨው በቅጠል ላይ በመቀባት ቅጠሉ እንደገና እንደሚለመልም አሳየ። ከካይሮ ወደ እስክንድርያ በሚወስደው በረሃማ መንገድ አካባቢ፣ በተለይም በኑባሪያ በለማው መሬት፣ አፈሩ ኖራ የበዛበት ነው። በዚህ አፈር ውስጥ ብረት ጠፍቶ ሳይሆን ወደ ፌሪክነት ተለውጦ ስለሚታሰር የብርቱካንና የሌሎች ፍራፍሬዎች ዛፎች ይገረጣሉ። ፌረስ ሰልፌት በአፈሩ ላይ ቢበተንም ወዲያው ይታሰራል። ስለዚህ በቅጠል ላይ መርጨት ወይም ብረቱን አቅፎ የሚይዝ ሌላ ውሕድ መጠቀም ያስፈልጋል። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፣ ብረት መኖሩ ብቻ እንደማይበቃና ሊወሰድ በሚችል መልክ መገኘት እንዳለበት ነው።

ሐ) ሌሎች ጥቅሞች

የከተማ ቆሻሻ ውሃ ሲጣራ ፎስፌትንና ድፍርስን አስሮ ለማዝቀጥ፣ በሲሚንቶ ውስጥ ያለውንና የግንበኞችን እጅ የሚያቆስለውን መርዛም ክሮሚየም ለማዳከም፣ በሣር ሜዳ ላይ የሚበቅለውን ሽበት ለማጥፋት ይህ ጨው ይውላል። እነዚህን ጠቅሰን ማለፉ ይበቃል።

3. ብረት በሰውነት ውስጥ

በአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚገኘው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ፣ ኦክሲጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ነው። ሰውነት ብረቱን በከፍተኛ ቁጠባ ይይዛል። ያረጁ ቀይ ሴሎች ሲፈርሱ ብረታቸው ተሰብስቦ ለአዲሶቹ ይውላል። በቀን ከሰውነት የሚጠፋው 1 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። የወር አበባ ላላት ሴት ግን በአማካይ እስከ 2 ሚሊ ግራም ይደርሳል። አንድ እርግዝና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ግራም ገደማ ተጨማሪ ብረት ይጠይቃል። ይህም ሰውነት በሙሉ ከያዘው ከአራት አንድ እጅ ያላነሰ ነው።

ከሥጋ የሚገኘው ብረት በቀላሉ ይወሰዳል። ከእህልና ከአትክልት የሚገኘው ግን በአብዛኛው ፌሪክ ስለሆነ በአንጀት ግድግዳ ላይ መጀመሪያ ወደ ፌረስነት መለወጥ ይኖርበታል። በሩ የሚከፈተው ለፌረስ ብቻ ነውና። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገርም ብረቱን አስሮ ይይዛል። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ የእናቶቻችን አብሲት በዚህ በኩል ታላቅ ሙያ ነው። ስለ ጤፍ ብረት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በየጥናቱ የሚነገረው ከፍተኛ ቁጥር ከፊሉ በአውድማ ላይ ሲወቃ ከሚቀላቀለው አፈር የመጣ ነው፤ የአፈር ብረት ደግሞ አብዛኛው የታሰረ ብረት ነው።

ሰውነት ብረትን የሚያስወጣበት ልዩ መንገድ ስለሌለው የሚቆጣጠረው በመግቢያው በር ላይ ነው። የበሩ ጠባቂ ጉበት የምታመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ነው። ብረት ሲበዛ ወይም ሰውነት በኢንፌክሽን ሲቆጣ ሄፕሲዲን ይጨምራል፣ በሩም ይዘጋል። ብረት ሲያንስ ሄፕሲዲን ይቀንሳል፣ በሩም ይከፈታል። ይህ ሆርሞን ከታወቀ ከ2000 ወዲህ ያለው ጊዜ ብቻ ስለሆነ በአሮጌ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም።

4. «የግብፅ ግርጣት» እና የካይሮ ሐኪሞች

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አውሮጳውያን ሐኪሞች በግብፅ ገበሬዎችና ወታደሮች ላይ ብርቱ ግርጣት፣ የእግር እብጠትና የትንፋሽ ማጠር አይተው በሽታውን «የግብፅ ግርጣት» ብለውት ነበር። ያን ጊዜ በአውሮጳ ለግርጣት የሚሰጠው መድኃኒት ይታወቅ ነበር። ፒየር ብሎ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1832 ፌረስ ሰልፌትን ከፖታሲየም ካርቦኔት ጋር ቀላቅሎ እንክብል በመሥራቱ ብዙ ወጣት ሴቶች ድነው ነበር። የግብፁ ገበሬ ግን ብረት ቢሰጠውም እንኳ ተመልሶ ይገረጣ ነበር። ለምን?

መልሱ የተገኘው በዚሁ በካይሮ ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ግሪዚንገር በ1852 በግርጣት የሞተን ወታደር አስከሬን ሲመረምር ትንሹ አንጀት በመንጠቆ ትሎች ተሞልቶ፣ ግድግዳው በደም ነጥቦች ተሸፍኖ አገኘው። ሕመምተኛው ብረት ያጣው ባለመብላቱ ብቻ ሳይሆን ደሙ በየቀኑ ስለሚመጠጥ መሆኑን ተረዳ። ትሉ ወደ ሰው እንዴት እንደሚገባ ግን ሳይታወቅ ብዙ ዓመታት አለፉ። በካይሮ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው አርቱር ሎስ በላቦራቶሪው ውስጥ የትሉን እጮች የያዘ ጠብታ እጁ ላይ ፈሰሰበት። ቆዳው ሲያሳክክና ሲቀላ አይቶ ተጠራጠረ፤ ከሳምንታት በኋላም የትሉን ዕንቁላል በገዛ ዐይነ ምድሩ ውስጥ አገኘ። ይህን ግኝት በ1898 ማሳተም ጀመረ። ትሉ የሚገባው በባዶ እግር ቆዳ በኩል ነበር።

ስሌቱን እንመልከት። በግብፅ የታወቀው የመንጠቆ ትል ዓይነት አንዱ ትል በቀን ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ደም ያስወጣል። መቶ ትሎች ያሉበት ሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ደም ያጣል። በአንድ ሚሊ ሊትር ጤነኛ ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለ። ስለዚህ ከፊሉን አንጀት መልሶ ቢወስደውም እስከ 10 ሚሊ ግራም ብረት በየቀኑ ከደሙ ይወጣል። ከምግብ የሚገኘው ግን በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብረት ቢሰጠው ለጊዜው ይሻለዋል፤ ትሉ ካልወጣ፣ ጫማ ካላገኘና መጸዳጃ ቤት ካልተሠራለት ግን ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው። የጨዉ ወሰን እዚህ ላይ ነው። ድህነት ያመጣውን ጨው ብቻውን አያድነውም።

5. በመድኃኒትነት ሲወሰድ

ሀ) መጠኑ

በእንክብሉ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ የጨዉ ክብደት፣ አንዳንድ ጊዜ የንጹሕ ብረቱ ክብደት ነው። 300 ሚሊ ግራም ክሪስታል ፌረስ ሰልፌት አንድ አምስተኛው ማለትም 60 ሚሊ ግራም ብረት አለው። ውሃው የወጣለት ደረቅ ጨው ከሆነ ግን 200 ሚሊ ግራሙ 65 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይይዛል። ሌሎችም የብረት ጨዎች አሉ። 60 ሚሊ ግራም ብረት ለማግኘት 180 ሚሊ ግራም ፌረስ ፉማሬት ወይም 500 ሚሊ ግራም ፌረስ ግሉኮኔት ያስፈልጋል። ስለዚህ የካይሮውን እንክብል ከአዲስ አበባው ጋር የሚያወዳድር ሰው የጨዉን ስምና የንጹሕ ብረቱን መጠን ያንብብ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ከ0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር እንዲሰጥ ይመክራል። ነፍሰ ጡር ላልሆኑና ብረት ላነሳቸው ሴቶች ግን አዲስ ዕውቀት አለ። ከ2015 ወዲህ በስዊዘርላንድ በወጣት ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አንድ ቀን የተወሰደ ብረት ሄፕሲዲንን ለአንድ ቀን ያህል ከፍ ስለሚያደርገው በማግስቱ የሚወሰደው እንክብል በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። በዚህም ምክንያት አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ከእያንዳንዱ እንክብል የሚገኘውን ጥቅም ይጨምራል፣ ሆድንም ያሳርፋል። በቀን ሦስት ጊዜ መዋጥ ጥሩ ነው የሚለው አሮጌ ልማድ እንግዲህ መሠረቱ ተናግቷል። ይሁን እንጂ መጠኑን መወሰን የሐኪም ሥራ ነው።

ለ) ሻይና ቡና

በላይ ስለ ቀለም የተናገርነውን አንባቢ ያስታውስ። ታኒንና መሰሎቹ በዐፍስ ብቻ ሳይሆን በሻይ ውስጥም አሉ። ይህን በገዛ ዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው አንድ የፌረስ ሰልፌት እንክብል ሽፋኑን ገፎ፣ ፈጭቶ በአንድ ብርጭቆ ጥቁር ሻይ ውስጥ ይጨምር። ሻዩ ይጠቁራል። የተሠራው የካይሮ ጸሐፊዎች ይጽፉበት የነበረው ቀለም የቅርብ ዘመድ ነው። በሌላ ብርጭቆ መጀመሪያ ሎሚ ጨምቆ ቢሞክረው ጥቁረቱ እጅግ ይቀንሳል፤ አሲዱ ብረቱ እንዳይታሰር ያግዛልና። ሁለቱም ብርጭቆዎች ይደፉ፤ አይጠጡ።

በብርጭቆው ውስጥ የሆነው በሆድ ውስጥም ይሆናል። በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ከምግቡ የሚገኘውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ግን አልጎዳም፤ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል ቀንሷል። እዚህ ላይ የእኛ ልማድና የግብፃውያን ልማድ ይገናኛሉ። እኛ ከምሳ በኋላ ቡና እናፈላለን፤ እነርሱ ከፉልና ከኩሸሪ በኋላ ብርቱ ጥቁር ሻይ ይጠጣሉ። ተማሪ ሆነን ደግሞ ሁለቱንም ወርሰናል። ቁርስ ፉልና ዐይሽ በለዲ፣ ምሳ ኩሸሪ፣ በጾም ወራት ጭራሹን ሥጋ የለም፣ በየመሐሉም ሻይ አይቀርም። ፉልና ምስር ብረት አላቸው፤ ሻዩ ግን ብረቱን ወደ ቀለምነት ይለውጥብናል።

ቡናና ሻይ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ሰዓቱ ይለወጥ ነው የምንለው። ብረት የሚወስድ ሰው ጠዋት ከቁርስ በፊት በውሃ ይውሰደው፣ ሻይና ቡናውን ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ያህል ያቆየው። ወተት፣ የካልሲየም እንክብልና የጨጓራ አሲድ ማብረጃ እንዲሁ ይራቁ። በፉሉ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከምግብ ጋር ጓዋፋ ወይም ብርቱካን መብላት ከእህል የሚገኘውን ብረት ያግዛል። ከእንክብሉ ጋር ተጨማሪ የቫይታሚን ሲ ኪኒን መግዛት ግን እምብዛም ለውጥ እንደማያመጣ ታይቷል። ተማሪ ገንዘቡን ለብርቱካን ቢያውለው ይሻለዋል። ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉ አንቲባዮቲኮችም ከብረት ጋር ስለሚተሳሰሩ ሰዓታቸው ይለያይ።

ሐ) ለምን ይቋረጣል?

ብረት የሚወስድ ሰው ሆዱን ሊያቅለሸልሸው፣ ሊደርቅበት ወይም ሊያስቀምጠው ይችላል። ዐይነ ምድሩም ይጠቁራል። ጥቁረቱ ካልተወሰደው ብረት የመጣ ስለሆነ አያስደነግጥም። ማቅለሽለሹ ከበረታ ከጥቂት ምግብ ጋር መውሰድ፣ መጠኑን መቀነስ ወይም ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይቻላል። ከማቆም ይህ ይሻላል።

ሁለተኛው የማቋረጫ ምክንያት መዳን ነው። በአንድ ሳምንት ገደማ መቅን አዲስ የደም ሴሎችን መልቀቅ ይጀምራል፤ በሦስትና በአራት ሳምንት ሄሞግሎቢን በግልጽ ከፍ ይላል፤ ድካሙም ይለቃል። ሰውየው «ዳንሁ» ብሎ ይተዋል። ጎተራው ግን ገና ባዶ ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላም ለሦስት ወር ያህል መቀጠል ያስፈልጋል።

መ) ሳይመረመሩ መውሰድ

ደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረት አይደለም። በግብፅና በሜዲትራኒያን ዙሪያ ታላሴሚያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ይገኛል። በዚህም የደም ሴሎቹ አንሰው ስለሚታዩ የብረት እጥረት ይመስላል፤ ብረት መጨመር ግን ሊጎዳ ይችላል። የሄሞግሎቢን ምርመራ ብቻውን ስለማይለየው የፌሪቲን ምርመራ አብሮ ይጠየቅ። ወንድ ተማሪ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው ብረት ካነሰው ደግሞ እንክብል ከመዋጡ በፊት ደሙ የት እንደሚፈስ ይመርመር። የጨጓራ ቁስል፣ ኪንታሮት፣ የአንጀት ትል፣ ብልሃርዝያም ሊሆን ይችላልና።

6. አደጋው

ይህን ክፍል በተለይ ልጆች ላሏቸው፣ በአርድ አልሊዋም ሆነ በመዓዲ በአንድ ክፍል ከነቤተሰባቸው ለሚኖሩ ወገኖቻችን እንጽፋለን። ለእናቲቱ መድኃኒት የሆነው እንክብል ለሕፃኑ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ባለ ቀለምና ጣፋጭ ስለሆነ ልጅ ከረሜላ ይመስለዋል። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ብረት መዋጥ ለሕይወት የሚያሰጋ መመረዝ ያስከትላል። አሥር ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ይህ 600 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 60 ሚሊ ግራሙ እንክብል አሥር ፍሬ ነው። ከዚያ ባነሰ መጠንም ሊታመም ይችላል።

በመጀመሪያ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ልጁ የተሻለው ሊመስል ይችላል። ይህ መሻል አታላይ ነው። በዚያን ጊዜ ብረቱ ወደ ደም ገብቶ ልብንና ጉበትን እያጠቃ ይሆናል። ስለዚህ ምልክት ሳይጠበቅ፣ ለማስታወክም ሳይሞከር፣ የእንክብሉን ማሸጊያ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። የግብፅ አምቡላንስ ስልክ 123 ነው። በዓባሲያ የዐይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲ የመርዝ ሕክምና ማዕከል አለው። ዴፈሮክሳሚን የሚባል ብረትን ከደም አስሮ የሚያወጣ ማርከሻ አለ፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ ሲደረስ ነው። ከሁሉ የሚሻለው እንክብሉን ከመጀመሪያው ቆልፎ ማስቀመጥ ነው።

7. የሁለት አገሮች ሁኔታ

በ2014 በግብፅ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 25 በመቶው፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት 27 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። በኢትዮጵያ በ2016 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ከሴቶቹ 24 በመቶው፣ ከሕፃናቱ 57 በመቶው ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። እዚህ ቁጥሮች ውስጥ ከብረት እጥረት ሌላ ወባም፣ ትልም፣ ሌላ በሽታም ይገኝባቸዋል።

ግብፅ በ2008 የበለዲ ዳቦ ዱቄትን በብረት ማበልጸግ ጀምራ ነበር። በአንድ ኪሎ ዱቄት 30 ሚሊ ግራም ብረት በፌረስ ሰልፌት መልክ፣ 1.5 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድም አብሮ ይጨመር ነበር። ዘዴው ሕዝቡ ሁሉ በየቀኑ የሚበላውን ምግብ መያዙ ትክክል ነበር። ኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄትን ማበልጸግ አስገዳጅ አድርጋለች። ሆኖም በገጠር የሚኖረው ወገናችን የራሱን እህል በሰፈሩ ወፍጮ ቤት እያስፈጨ ስለሚበላ የፋብሪካ ዱቄት ብዙውን አይደርሰውም። ለእርሱ የሚደርሰው በጤና ኬላ የሚሰጠው እንክብል ነው።

በዚህ ረገድ ያው የ2016 ጥናት አንድ አሳሳቢ ነገር ይነግረናል። ከወለዱት እናቶች 42 በመቶው በእርግዝናቸው ጊዜ የብረት እንክብል ወስደዋል። ለዘጠና ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶው ብቻ ናቸው። ይህ ማለት ከአሥር እናቶች አራቱ ዘንድ እንክብሉ ደርሷል፤ ሆኖም እስከሚጠቅምበት ድረስ የቆየው ከሃያ አንዷ ዘንድ ነው። ዕቃው ያለቀበት ጤና ኬላ ይኖራል፣ መንገዱ የራቃት ትኖራለች፤ ዐይነ ምድሯ ሲጠቁር ደንግጣ፣ ሲያቅለሸልሻት ተስፋ ቆርጣ፣ ሲሻላት ረስታ የተወችውም ትኖራለች። ለመጨረሻዎቹ የጎደላቸው ጨዉ ሳይሆን ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ነው።

ማጠቃለያ

መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ሦስተኛው ጥያቄ እንግዲህ መልስ አግኝቷል። ርካሹ ጨው በሽታውን ያላጠፋው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ፌረስ ጠባዩ ተለዋዋጭ ስለሆነ በሻይ፣ በቡናና በሌላም ነገር ይታሰራል። ሁለተኛ፣ ከጊዜው በፊት ይቋረጣል። ሦስተኛ፣ ደሙ የሚፈስበት ቀዳዳ፣ ማለትም ትሉ፣ ባዶ እግሩ፣ የተራራቀ ያልሆነው እርግዝናና የደኸየው ገበታ፣ ሳይደፈን ይቀራል። የመጀመሪያውን እያንዳንዳችን ዛሬ ልናርመው እንችላለን። ሁለተኛውን የምናርመው የሕክምና ትምህርት ላይ ያለን ሰዎች ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ስንለምድ ነው። ሦስተኛው የጫማ፣ የንጹሕ ውሃ፣ የመጸዳጃ ቤትና የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነ የሐኪም ብቻ ሳይሆን በዚህ ከተማ ምሕንድስናም፣ እርሻም፣ ምጣኔ ሀብትም የምንማር የሁላችን ሥራ ነው።

እስከዚያው ድረስ የደከማት እህታችን «ሙቀቱ ነው» ተብላ አትሸኝ። ትመርመር። ብረት ያነሳት እንደሆነም እንክብሏን በውሃ ትዋጥ፣ ሻዩ ይቆይላት፣ ሦስት ወሩንም ትጨርስ።